ነጭ ዱቄት ያበቀለው ድዋርፍ፦ የአንድ የድሮ ብረት ምስል ጥገና፣ ቅብና መቆሚያ

ጉዳዩ ቁመቱ ሦስት ሴንቲ ሜትር የማይሞላ የብረት ምስል ነው፦ ጺሙ ቀበቶው ድረስ የወረደ፣ መጥረቢያ በሁለት እጁ የጨበጠ፣ ቆብ የደፋ ድዋርፍ። በተረት ዓለም የጠረጴዛ ጦርነት ጨዋታዎች ውስጥ ድዋርፎች ቁመተ አጭርና ደንዳና፣ ተራራ ፈልፍለው የሚኖሩ፣ ቂም የማይረሱ ተዋጊዎች ናቸው። የዚህኛው ባለቤት እዚሁ ኖቲንግሃም ጎረቤቴ ናቸው። በ1980ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ገና ተማሪ ሳሉ ገዙት፣ በራሳቸው እጅ ቀቡት፣ ተጫወቱበት፤ ሥራና ትዳር ሲመጣ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። አሁን የዚያን ጊዜ ጓደኞቻቸው እንደገና ተሰባስበው የድሮውን ጨዋታ በድሮው ሕግ እየተጫወቱ ነው። ድዋርፉም ወደ ረድፉ ይመለስ ተባለ።

ምስሉ ሦስት ችግር ነበረበት። የመጥረቢያው ራስ ከእጀታው ተሰብሯል። ወፍራም ዘይት ቀለም ፊቱንና ጺሙን አንድ ላይ ደፍኖታል። ከሁሉም የከፋው ግን ከእግሩ ሥር፣ መቆሚያው ውስጥ በሚገባው ምላስ ላይ፣ ነጭ ዱቄት በቅሏል። ጎረቤቴ ያሳሰባቸው ቀለሙ ብቻ ነበር፤ ዱቄቱን አቧራ መስሏቸው ነበር። ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የመራው ግን እሱ ነው፤ ምን እንደምቀባ ብቻ ሳይሆን መቆሚያውን በምን እንደማጣብቅ ጭምር የወሰነው ያ ዱቄት ነው።

ስለ ዕቃው ጥቂት ልበል። ጌምስ ዎርክሾፕ የተባለው ኩባንያ በ1975 ለንደን ውስጥ ተመሠረተ። ምስሎቹን የሚያመርተው ሲታደል ሚኒያቸርስ ደግሞ በዚያው አሥርት ዓመት መጨረሻ፣ ከኖቲንግሃም ብዙም በማትርቀው ኒውዋርክ ከተማ፣ በብራያን አንሴል መሪነት ተቋቋመ። አንሴል በ2023 መጨረሻ ነው ያረፉት። ዋርሃመር የተባለው ጨዋታ የመጀመሪያ እትሙ በ1983፣ ጎረቤቴ የሚጫወቱበት ሦስተኛው እትም ደግሞ በ1987 ወጣ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቀራጮችና አነስተኛ አምራቾች እዚሁ አካባቢ ስለቀሩ፣ የዚህ ነገር ወዳጆች ኖቲንግሃምንና ዙሪያዋን «የእርሳስ ቀበቶ» ይሏታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቀራጩ ዋናውን ምስል ሽቦ ላይ ሆኖ በሚጠነክር ሊጥ መሰል ነገር ይቀርጻል። ከዚያ ምስሉ በክብ የጎማ ፎርማ ውስጥ ተጨምቆ ቅርጹን ይተዋል። ፎርማው በፍጥነት እየተሽከረከረ የቀለጠ ብረት መሐሉ ላይ ይፈስበታል፤ ብረቱም እየተገፋ ወደ እያንዳንዱ ቅርጽ ይገባል። የፎርማው ሁለት ግማሾች የሚገጥሙበት ቦታ በምስሉ ላይ ቀጭን መስመር ይተዋል። ብረቱ ያን ጊዜ የእርሳስና የቆርቆሮ ቅይጥ ነበር፤ ኩባንያው እርሳስ አልባ ወደሆነ ነጭ ብረት የዞረው በ1997 ነው፣ በ2011 ደግሞ አብዛኛውን የብረት ምስል በሬዚን (ፈስሶ በሚጠነክር ፕላስቲክ መሰል ነገር) መተካት ጀመረ። የ1980ዎቹ ቀራጮች ምስሉ በብሩሽ እንደሚቀባ አውቀው ነው የቀረጹት። አፍንጫው ትልቅ፣ የጺሙ ዘለላ ወፍራም፣ የልብሱ እጥፋት ጥልቅ ነው። የዛሬዎቹ በኮምፒውተር የሚነደፉ ምስሎች ዝርዝር ይበዛባቸዋል፤ ለእኔ ግን ከአንድ ሜትር ርቀት ሲታይ የድሮው ይበልጥ ይነበባል።

ምርመራውን በወረቀት ጀመርኩ። የምላሱን ጫፍ ነጭ ወረቀት ላይ ስጎትተው ግራጫ መስመር ጻፈ፤ ብዙ እርሳስ ያለበት ቅይጥ ነው ማለት ነው። ነጭ ብረት ቢሆን ይህን ያህል አይጽፍም። ዱቄቱ ደግሞ የእርሳስ ካርቦኔት ነው። አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም የኮምጣጤው አሲድ፣ በተን መልክ እርጥበት ባለበት አየር ውስጥ ሲገኝ እርሳሱን ይበላዋል፤ የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨመርበት ነጭ ዱቄት ሆኖ ይወጣል። ሂደቱ አሲዱን ጨርሶ ስለማይጠቀመው ምንጩ እስካልራቀ ድረስ አይቆምም። ምንጩ ከየት ነው? ጎረቤቴን ስጠይቃቸው መሳቢያው የአባታቸው የኦክ ጠረጴዛ መሆኑን ነገሩኝ። ኦክ አሲድ ከሚተፉ እንጨቶች ግንባር ቀደሙ ነው፤ ሙዚየሞች የእርሳስ ሳንቲምና ማኅተም በኦክ ቁም ሣጥን ማስቀመጥ የተዉት በዚሁ ምክንያት ነው። ምስሉን የሸፈነው ወፍራም ቀለም ከላይ ጠብቆታል፤ ያልተቀባው ምላስ ግን ራቁቱን ነበር።

ሁሉም የጠቆረ እርሳስ ታሟል ማለት አይደለም። ለስላሳና ጠቆር ያለ ግራጫ ሽፋን ብረቱን ራሱን ይጠብቀዋል፤ እሱን ፍቆ ማብረቅረቅ ትርፉ ድካም ነው። የሚያሠጋው ሲነኩት የሚረግፈው፣ ሥሩ ጉድጓድ የሚተወው ነጩ ነው። ይህ ዱቄት መርዝ ስለሆነ በደረቁ አይጠረግም፣ እፍ አይባልም፣ ልጅ ባለበት ክፍል አይነካም። ጓንት አድርጌ፣ በውሃ በራሰ ጠንካራ ብሩሽ ፈገፈግኩት፤ በተጣራ ውሃ አለቀለቅኩና በደንብ አደረቅኩት። የተጠቀምኩበትን ጨርቅ በላስቲክ ቋጥሬ ከምግብ ቤት ቆሻሻ ለየሁት። በሥራው ጊዜ ሁሉ ቡናዬን ሌላ ክፍል ነው የምጠጣው፤ ብሩሽ በከንፈር ማሾል የለመደ ሰው ደግሞ በእርሳስ ምስል ላይ ይህን ልማዱን ይተው።

ቀለሙን ከማውለቄ በፊት ምስሉን በየአቅጣጫው ፎቶ አነሳሁት። የድሮ ምስል ሰብሳቢዎች መካከል «የመጀመሪያው ቀለም አይነካ» የሚል ወገን አለ። ክርክሩ ይገባኛል፤ በስመ ጥር ቀቢ የተቀባ ቢሆን እኔም አልነካውም ነበር። እዚህ ግን ቀቢውም ባለቤቱም አንድ ሰው ናቸው፣ ፈቃዱም የእሳቸው ነው። ያሉኝም ቁርጥ ያለ ነበር፦ «ቀለሙ ይሂድ፣ የቀለሙ ዓይነት ግን ይቅር። ቀዩ ቆብ ቀይ፣ ሰማያዊው ሱሪ ሰማያዊ ይሁን።» ስለዚህ ፎቶው ለትዝታ ሳይሆን እንደ ሥራ ማዘዣ ነበር ያገለገለኝ።

ዘይት ቀለምን ከብረት ላይ አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ፈሳሽ) ያወርደዋል። ፕላስቲክ ግን ያቀልጣል፤ በመሆኑም መጀመሪያ ምስሉን ከመቆሚያው ማላቀቅ ግድ ነው፣ የድሮው ሱፐር ግሉ ደርቆ ስለነበር በትንሽ ማወዛወዝ ለቀቀ። ክዳን ያለው የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ ነከርኩት፤ ይህም ደጅ፣ እሳት በሌለበት፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ መሆን አለበት። ቀጭኑ የሕክምና ጓንት በአሴቶን ቶሎ ስለሚበላሽ ወፍራም የቡቲል ጓንት ነው ያደረግኩት። እንግሊዝ አገር ብዙ ሰው ለዚሁ ሥራ ዴቶል የተባለውን ጀርም ገዳይ ፈሳሽ ይጠቀማል። ይሠራል፤ ግን ቀለሙ ሳይጸዳ ውሃ ከነካው እንደ ሙጫ ይጣበቃል፣ ሽታውም ቀናት ቤት ውስጥ ይከርማል፤ እኔ አልወደውም። ቀለሙ ከለሰለሰ በኋላ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጠረገው። ከወፍራሙ ቀለም ሥር ፊት ወጣ፦ የተኮሳተረ ቅንድብ፣ ጉንጩ ላይ የተሸበሸበ ቆዳ፣ እና እስከዚያ ሰዓት ድረስ ያልታየ፣ የግራ ዓይኑን አቋርጦ የሚወርድ ጠባሳ። ጎረቤቴ ራሳቸው ጠባሳውን አላወቁትም ነበር።

የፎርማው መስመር ከቆቡ ጀምሮ በትከሻው በኩል እስከ ቦት ጫማው ይወርዳል። በሞረድ አልሄድኩበትም፤ እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ ሞረድ ያበላሸዋል፣ ብናኙም አይፈለግም። የቢላ ጀርባ ተጠቅሞ ቀስ ብሎ መፋቅ ይበቃል፤ የሚወጣው ብናኝ ሳይሆን ቀጭን ፍቅፋቂ ነው። ጺሙ ጋ ሲደርስ መስመሩን ማጥፋት ሳይሆን ዘለላ አድርጎ መቁጠር ይሻላል፤ በቢላው ጫፍ ሁለት ጭረት ሲጨመርበት ከሌላው ጸጉር አይለይም።

ከሁሉም ጊዜ የፈጀው መጥረቢያው ነው። እጀታው ከአንድ ሚሊ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ሱፐር ግሉ ብቻውን ለአንድ ጨዋታም አይበቃም፣ ምክንያቱም ተጫዋች ሁልጊዜ ምስሉን የሚያነሳው በመጥረቢያው ነው። ስለዚህ በሁለቱም ስብራት ላይ በእጅ የሚሽከረከር 0.5 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ አስገብቼ በነሐስ ሽቦ ማያያዝ ነበረብኝ። መሐሉን ለማግኘት መጀመሪያ በመርፌ ጫፍ ነጥብ መምታት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ መሰርሰሪያው ለስላሳው ብረት ላይ ይንሸራተታል። እርሳስ ደግሞ የመሰርሰሪያውን ጥርስ ይሞላዋል። አንድ ሁለት ዙር ዞሮ መውጣት፣ ማጽዳት፣ ጫፉን ሻማ ላይ ማሸት፣ እንደገና መግባት። የተጣደፈ ሰው ጎኑን በስቶ ይወጣል። ሁለተኛውን ቀዳዳ ከመጀመሪያው ጋር ለማስተካከል የሽቦውን ጫፍ ቀለም ነክቼ ሁለቱን አካላት አገናኘኋቸው፤ ቀለሙ የት እንደምበሳ ምልክት ተወ። ሽቦው ገብቶ ከተጣበቀ በኋላ ስንጥቁን በኢፖክሲ ሊጥ (ሁለት ክፍሉ ሲደባለቅ በሚጠነክረው) ሞላሁ፣ ሊጡ ሳይደርቅም የእንጨቱን መስመር በመርፌ ቀጠልኩበት።

ከዚያ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ታጥቦ ደረቀ፤ የእጅ ቅባት ያለበት ብረት ቀለም አይዝም። ፕራይመሩን (ቀለሙ የሚይዝበትን የመጀመሪያ ሽፋን) ስረጭ ከወትሮው የተለየ ያደረግኩት ነገር ምላሱን፣ የጫማውን ሥርና የመጥረቢያውን ውስጠኛ ጎን ሳይቀር መሸፈን ነው። ብዙ ሰው የማይታየውን ቦታ ይዘላል። በእርሳስ ላይ ግን ያልተሸፈነ ቦታ በሩ ክፍት የሆነ ቤት ነው። ግራጫውን ከዙሪያው፣ ነጩን ከላይ ወደ ታች በስሱ ረጨሁ። ይህ ብርሃን ከየት እንደሚወድቅ ምስሉ ላይ አስቀድሞ ያሳያል። ጥቁር ፕራይመር የሚመርጡ አሉ፤ ለብረት ጥሩር ጥሩ ነው። የጎረቤቴ ድዋርፎች ግን በዚያ ዘመን ልማድ ነጭ ላይ የተቀቡና ቀለማቸው የሚጮህ ነው፤ በመካከላቸው የጠቆረ አንድ ቢቆም እንግዳ ይመስላል።

ቀለሙ አክሪሊክ ነው፣ በውሃ የቀጠነ፣ ሁለት ሦስት ስስ ድርብ። ቆቡን በጥቁር ቀይ ጀምሬ በደማቅ ቀይ አነሳሁት። ቀይን ለማፍካት ነጭ መጨመር ወደ ሮዝ ይወስደዋል፤ ስለዚህ ለላይኛው ጫፍ ብርቱካናማ ነው የደባለቅኩት። ሱሪው ሰማያዊ ሆኖ እጥፋቱ ውስጥ ትንሽ ሐምራዊ ገባበት። የብረት ጥሩሩ ቀላሉ ክፍል ነበር፦ ጠቆር ያለ ብረታማ ቀለም፣ ላዩ ላይ ጥቁር ዋሽ (ወደ ጎድጓዳው የሚፈስ በጣም የቀጠነ ቀለም)፣ ሲደርቅ የብር ቀለም ነክቶ የተጠረገ ብሩሽ እያሻሹ የቀለበቶቹን አናት ብቻ ማንሳት። እያንዳንዷን ቀለበት ለየብቻ የሚቀባ ሰው አይቻለሁ፤ ዕድሜ ይስጠው።

ጺሙ ላይ ግን ያ ማሻሸት አይሆንም። ቀራጩ ዘለላዎቹን ለያይቶ፣ አንዱን በሌላው ላይ አሳልፎ ነው የሠራቸው፤ ብሩሽ ቢታሸበት ሁሉም እኩል ነጥቶ ያ ድካም ይጠፋል። ብርቱካናማ ቡኒ መሠረት ካደረግኩ በኋላ ቀጭን፣ ቀላ ያለ ቡኒ ዋሽ ለቀቅኩበት። ዋሹ ጺሙ ቀበቶውን በሚነካበት ቦታ እንደ ኩሬ ሲጠራቀም ንጹሕ እርጥብ ብሩሽ እየነካሁ መጠጥኩት፤ ከደረቀ በኋላ ክብ ጠርዝ ይተዋልና። ከዚያ እያንዳንዱን ዘለላ ከትከሻው በኩል ጀምሬ ወደ ጫፉ ሳብኩ፤ ጫፉ ላይ ብቻ ቢጫ ጨመርኩ። ለዚህ ሁሉ የተጠቀምኩት ቁጥር 1 የሳብል (የእንስሳ ጸጉር) ብሩሽ ነው። ጀማሪዎች ለትንሽ ምስል ትንሽ ብሩሽ ይገዛሉ፤ ትንሿ ብሩሽ የያዘችው ቀለም ምስሉ ጋ ሳይደርስ ይደርቃል። ወሳኙ የብሩሹ ጫፍ መሹሉ ነው።

ፊቱ ላይ አፍንጫው ንጉሥ ነው። ከሩቅ የሚታየው እሱ ስለሆነ አብዛኛውን ብርሃን ለእሱ ሰጠሁ፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ቀላ ያለ ዋሽ ጨመርኩ፣ ይህ ድዋርፍ ቢራ እንደሚወድ ማንም አይጠራጠርም። ዓይኖቹ ከቅንድቡ ሥር ተደብቀዋል። በጥቁር ቡኒ ጉድጓዱን ሞላሁ፣ በአጥንት ቀለም ቀጭን መስመር ገባ (ንጹሕ ነጭ ያፈጠጠ ያስመስላል)፣ ነጥቡንም መሐል ሳይሆን ወደ ጎን አስቀመጥኩ። አሁን መጥረቢያውን ከያዘበት አቅጣጫ የሚመጣ ጠላት የሚጠብቅ ይመስላል። ጠባሳው በስስ ሮዝ መስመር ብቻ አለፈ።

መቆሚያው ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ዱቄት ጉዳይ ተመልሶ መጣ። በዚህ ሥራ ሁሉም ሰው አሸዋ የሚያጣብቀው በነጭ የእንጨት ኮላ ነው። ያ ኮላ ግን ፖሊቪኒል አሲቴት ነው፤ ሲደርቅም ሲያረጅም አሴቲክ አሲድ በጥቂቱ ይለቃል። ጤነኛ በሆነና በደንብ በተሸፈነ ምስል ላይ ብዙም አያስጨንቅም። አንድ ጊዜ በአሲድ የተበላን ምላስ ግን መልሶ ኮላ ውስጥ መቅበር ትርጉም የለውም። ስለዚህ አሸዋውን በአክሪሊክ ሊጥ፣ ሣሩን በአክሪሊክ ሚዲየም አጣበቅኩ። ዋጋው ትንሽ ይወደዳል፣ መልኩ አይለይም።

መቆሚያው ራሱ የድሮው ነው፦ 20 ሚሊ ሜትር በ20፣ አራት ማዕዘን፣ ጥቁር ፕላስቲክ፣ ምላሱ የሚገባበት ስንጥቅ ያለው። በዚህ ጨዋታ ወታደሮቹ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ስለሚሰለፉ የማሳያ ሣጥን ምስል ላይ የሚያምረው ሁሉ እዚህ አይሆንም። ከጠርዙ የሚወጣ ድንጋይ ጎረቤቱን ይገፋል፣ ረጅም ሣር የጎኑን ሰው ቀለም ይፍቃል። መጥረቢያው ወደ ቀኝ ስለሚያጋድል ምስሉን ትንሽ ወደ ግራ አዙሬ፣ ከረድፉ ሁለት ጓዶቹ መሐል አቁሜ ሞክሬ ነው ያጣበቅኩት። የስንጥቁን ትርፍ ጫፎች በኢፖክሲ ሊጥ ደፈንኩ፤ ይህ ካልተደረገ የአሸዋው አክሪሊክ ሊጥ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ጎድጎድ ያለ መስመር ይታያል።

የጠርዙ ቀለም ላይ ከጎረቤቴ ጋር ተከራከርን። እኔ ቡኒ ነው የምመርጠው፤ ዓይንን ወደ ምስሉ ይመራል። እሳቸው ደማቅ አረንጓዴ ካልሆነ አሉ፣ አሸዋውም አረንጓዴ ተቀብቶ በቢጫ የታሸ፣ ጎብሊን ግሪን የተባለው የሲታደል ቀለም ሁሉንም መቆሚያ በያዘበት ዘመን መልክ። ረድፋቸውን ጠረጴዛቸው ላይ ሳየው ክርክሩን ተውኩት። ጠረጴዛው አረንጓዴ ጨርቅ ነው፤ ያ ጠርዝ ከጨርቁ ጋር ይጠፋና ወታደሮቹ ብቻ ቆመው ይቀራሉ። ቡኒው የእኔ መደርደሪያ ላይ ያምር ይሆናል።

ቫርኒሹ ሁለት ዓይነት ነው። መጀመሪያ አንጸባራቂው፣ ጠንካራው እሱ ስለሆነ፤ ሲደርቅ ማቱ፣ ብልጭታውን ለማጥፋት። እርሳስ ሲወድቅ ስለሚጎብጥ ቀለሙ አብሮ ይላቀቃል፤ ስለዚህ አፍንጫው፣ የቆቡ ጫፍና የመጥረቢያው ስለት ላይ አንጸባራቂውን በብሩሽ ደገምኩት። ማቱን በእርጥብ ቀን መርጨት ላዩን ነጭ ጭጋግ ያስመስለዋል፤ እንግሊዝ አገር ደግሞ ደረቅ ቀን ተጠብቆ ነው የሚገኘው።

ድዋርፉ ጨዋታ ገብቷል፣ መጥረቢያውም ሽቦው ላይ ጸንቷል። በረድፉ ውስጥ ሲያዩት አዲስ መቀባቱ ያስታውቃል፣ ጎረቤቴ ግን አልከፋቸውም። የቀረው ሥራ መሳቢያው ነው። የቀሩትን ምስሎች አውጥተን ምላሳቸውን ስናይ ጥቂቶቹ ላይ ያው ነጭ ነገር መጀመሩን አገኘን። ሁሉም ከኦኩ ወጥተው እርጥበት መምጠጫ ከረጢት ወዳለበት የፖሊፕሮፒሊን ሣጥን ገቡ፤ ካርቶንም አሲድ ስለሚለቅ የድሮ ማሸጊያቸውን ለብቻው አስቀመጥን። ዱቄት የታየባቸውን ለይቼ ወስጃለሁ፤ ቀለማቸው ሳይነካ ከሥር ብቻ ይጸዳሉ፣ ምላሳቸው ፕራይመር ይቀባል፣ በየጥቂት ወሩ ተገልብጠው ይታያሉ።